ቀይዋ መብራት ስትፈዝ፦ የአሮጌ መኪና የቻርጅ ጥያቄዎችና መልሶች

ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ባትሪው አልሞላ ያለ አሮጌ መኪናን የሚመለከቱ በመሆናቸው የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። መልሶቹን ለመከተል የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ አንድ ዲጂታል ቴስተር፣ የተለመዱ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና በሁለቱም ጫፍ መቆንጠጫ ያለው አንድ ሜትር ሽቦ ይበቃል። አንድ ነገር ከወዲሁ እንግባባ። ገበያ ውስጥ ሁሉም «ዲናሞ» ይባላል። እዚህ ግን ዲናሞ የምንለው ካርቦኖቹ በመዳብ ኮሌክተር ላይ የሚሄዱትን የድሮውን ዓይነት ብቻ ነው፤ ውስጡ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያለውን አልተርኔተር እንለዋለን። የሁለቱንም ቮልት በልኩ የሚያቆመው ሬጉሌተር ነው። የሁለቱ አፈታተሽ ስለሚለያይ ከተደባለቁ ሥራው ይበላሻል።

ጥያቄ፦ በፈረንጆች 1969 የተሠራች 12 ቮልት ቮልስ አለችኝ፤ ዲናሞዋ ከፋብሪካ የመጣው ነው። ማታ መብራት አብርቼ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ደብዘዝ ብላ ትበራለች። የፊት መብራቱን ሳጠፋ እሷም ትጠፋለች። ቀን ቀን ምንም አይታይባትም፤ ባትሪው ግን በሳምንት አንድ ቀን አላስነሳም ይለኛል። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሬጉሌተር ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ «ዲናሞውን አስጠቅልል» እየተባልኩ ነው። ላስጠቅለው?
(አንባቢ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አያስጠቅልሉ። የጻፉልን ምልክት ከዲናሞው ይልቅ ሽቦውን ነው የሚያስጠረጥረው።

የቀይዋ መብራት አንዱ ጫፍ ከቁልፍ ቤቱ፣ ማለትም ከባትሪው ወገን ይመጣል። ሌላው ጫፏ ዲ+ ከሚባለው የዲናሞው ተርሚናል ጋር ነው የታሰረው። በሁለቱ ወገን ያለው ቮልት እኩል ሲሆን በመሃል የሚያልፍ ከረንት ስለሌለ ትጠፋለች። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ሲከፍቱ በባትሪው ወገን 12 ቮልት፣ በዲናሞው ወገን ዜሮ ስለሆነ ደምቃ ትበራለች። የእርስዎ ግን ትፈዛለች፤ ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ቮልት ብቻ ነው ማለት ነው። ዲናሞው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ቀንም ደምቃ በታየች ነበር።

ያ አንድ ቮልት የት እንደቀረ ሒሳቡ ይነግረናል። ሁለት የ45 ዋት የፊት መብራት 7.5 አምፔር ይወስዳል። የኋላና የጎን ትንንሾቹ አምፖሎች ተደምረው ወደ 2፣ ቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው) ደግሞ 3 ወይም 4 አምፔር ይጨምራሉ። ባትሪው የሚቀበለውን ሳንቆጥር 13 አምፔር ገደማ ሆነ። ዝገት በያዘው አንድ መገናኛ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖር ማታ 1.3 ቮልት እዚያው ይቀራል። ቀን መብራት ጠፍቶ 4 አምፔር ሲሆን ግን የሚቀረው 0.4 ቮልት ነው፤ ያ ደግሞ አምፖሏን ለማፍካት አይበቃም። ለዚህ ነው ቀን «ደህና» የምትመስለው። ባትሪው ግን ቀንም ቢሆን በዚያው መገናኛ በኩል እየተቆነጠረለት ነው የሚከርመው።

እንዲህ አድርገው ይፈልጉት። ቴስተሩን በቀጥታ ከረንት (ዲሲ) 20 ቮልት ላይ ያድርጉ፤ ሞተሩ ተነስቶ፣ የፊት መብራት በርቶ፣ አንድ ሰው ሞተሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ከሚዞርበት) ከፍ አድርጎ ይያዝልዎ። ሬጉሌተሩ ከኋላ ወንበር ሥር በግራ በኩል፣ ባትሪው በቀኝ ነው። አንዱን የቴስተር ጫፍ በሬጉሌተሩ ቢ+ (የባትሪው ሽቦ በሚታሰርበት ተርሚናል) ላይ፣ ሌላውን በራሱ በባትሪው የፖዘቲቭ እርሳስ ላይ ያሳርፉ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ ነው ያልነው። 0.3 ቮልት ድረስ ይታለፋል። ከዚያ በላይ ካነበቡ ጥፋተኛው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል አለ። ደህና ከሆነ ከሬጉሌተሩ ቢ+ እስከ ፊት መብራቱ ማብሪያ 30 ቁጥር ተርሚናል ድረስ ይለኩ። ቀጥሎ በቁልፍ ቤቱ በራሱ በ30 እና በ15 መካከል። በመጨረሻም በሬጉሌተሩ ላይ በዲ+ እና በቢ+ መካከል፤ እዚህ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ውስጡ ያለው መቁረጫ ኮንታክት ተቃጥሏል። አዲስ ነው ተብሎ የተገዛ ሬጉሌተርም ከዚህ ነፃ አይደለም።

የቦዲውን ወገንም በዚያው ይለኩት፦ ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ፤ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። ቮልስ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው ከካምቢዮው አፍንጫ አጠገብ ያለ አንድ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። ካምቢዮ ወርዶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሳይታሰር ይረሳል፣ ወይም በጭቃ ተበልቶ ይበጠሳል። ሲበጠስ ከረንቱ በነዳጅ መርገጫው ኬብልና በፍሪሲዮኑ ኬብል በኩል መንገድ ይፈልጋል። ሞተሪኖ (ማስነሻው) ከተመታ በኋላ የነዳጁ ኬብል በእጅ ሲነካ ከሞቀ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሽቦውን ይቀይሩ።

የተበላሸውን መገናኛ ሲያገኙ ናስትሮ ጠቅልሎ ማለፍ አይጠቅምም። የጠቆረውን ሽቦ መዳቡ ብሩህ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ቆርጠው ይጣሉ፣ አዲስ ጫፍ ጨምቀው በስታኞ ያጠናክሩት። ለ30 አምፔር ዲናሞ ዋናው ሽቦ ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር አይነስ።

መገናኛዎቹ ሁሉ ንጹሕ ሆነው ችግሩ ከቀጠለ ያኔ ወደ ዲናሞው እንሂድ። መጀመሪያ ቺንጋው፤ በመሃሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከገባ የዲናሞውን ፑሌጃ ፈትተው በሁለቱ ግማሾች መካከል ካሉት ሮንዴላዎች አንዱን ያውጡ። ያወጡትን በውጭ በኩል ከዳዶው ሥር መልሰው ያስቀምጡት፤ አዲስ ቺንጋ ሲገባ ይፈለጋል። አጥብቆ መወጠር መፍትሔ አይደለም፣ ኩሽኔታውን ይበላል።

ቀጥሎ ካርቦኖቹ። በዲናሞው ጫፍ ባለው ክፍት በኩል ይታያሉ። ከመያዣቸው ብቅ ማለት ካቆሙ ወይም በመያዣው ውስጥ ተጣብቀው ስፕሪንጉ መግፋት ካልቻለ ይቀየሩ። ኮሌክተሩ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ አይንኩት። የጠቆረ ከሆነ ግን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት፤ የብረት መሞረጃ ጥቁሩን ወረቀት አይጠቀሙ፣ ብናኙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በመዳቦቹ መካከል ያለው ማይካ ከመዳቡ እኩል ከሆነ በተሰበረ የሴጌቶ ምላጭ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ያድርጉት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መዳቦች ብቻ ተለይተው ከከሰሉ የውስጥ ጥቅሉ ተበጥሷል፤ ያኔ ማስጠቅለል ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ይህ ነው። ከዲናሞው ላይ የዲ+ እና የዲኤፍን (ማግኔት የሚፈጥረው ጥቅል ተርሚናል) ሽቦ ሁለቱንም ይንቀሉ። ዲኤፍን ባዘጋጁት ሽቦ ከዲናሞው ብረት ጋር ያገናኙት። ቴስተሩን በዲ+ እና በቦዲ መካከል አድርገው ሞተሩን ያስነሱና ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉ። ቮልቱ ተከትሎ ወጥቶ 14 ካለፈ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ወዲያው ያጥፉ፣ ሬጉሌተር ስለሌለው ዝም ከተባለ ራሱን ያቃጥላል። አንድ ሁለት ቮልት ላይ ቆሞ ከቀረ ማግኔት የሚፈጥረው ጥቅል ተቋርጧል፣ ወይም ካርቦኖቹ በደንብ አልነኩም። ጭራሽ ዜሮ ከሆነ ብረቱ ውስጥ የሚቀረውን ማግኔት አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ባትሪ ተገልብጦ ከታሰረ ወይም ዲናሞው ተፈትቶ ለረጅም ጊዜ ከቆየ በኋላ ያጋጥማል። ለመመለስ ቺንጋውን አውልቀው፣ ዲኤፍን ከቦዲ ጋር እንዳገናኙ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ዲ+ ለጥቂት ሰከንድ ከረንት ይስጡት። ጤነኛ ዲናሞ እንደ ሞተር ቀስ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ ይዞራል።

ወንበሩን ከመመለስዎ በፊት የባትሪው መሸፈኛ መኖሩን ይዩ። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ፖዘቲቭ ከነካ በሞላው ጭድና ጨርቅ ላይ እሳት ይነሳል፤ ቮልሶች የሚቃጠሉበት የታወቀ ምክንያት ነው። ደግሞም ቀይዋ መብራት በጉዞ ላይ በድንገት ደምቃ ከበራች «ፒያሳ ስደርስ አየዋለሁ» አይበሉ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ከዲናሞው ዘንግ ላይ ነው ያለው፤ ቺንጋ ከተበጠሰ ሁለቱም ቆመዋል፤ በዚያ ዳገት ላይ ሞተሩን ለማቃጠል ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ ሰርግ አጅበን በቀስታ ስንሄድና ፋሲል ግንብ በር ላይ ሞተር ሳናጠፋ ስንቆም የቮልሴ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ነዳጅ ስሰጥ ትጠፋለች። ምን ላድርግ?
(አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ምንም። ዲናሞ በሚኒሞ አይሞላም፤ ተፈጥሮው ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ከተቻለ የፊት መብራቱን ያጥፉ፣ ረጅም ቆይታ ከሆነም ሞተሩን። ሚኒሞው ከልክ በላይ ወርዶ እንደሆነ ብቻ ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ ላዳ 2101 ነው የምነዳው። በየሁለት ሳምንቱ የባትሪ ውሃ እጨምራለሁ፤ ኮፈኑ ሲከፈት የአሲድ ሽታ አለ፤ አምፖልም ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል። ሬጉሌተሩ ተቀይሮ ያው ነው። የጀመረው ቀለም ካስቀባኋት በኋላ ነው። መተማ ድረስ ስለምመላለስ ሙቀቱ ይሆን?
(አንባቢ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ የቆላው ሙቀት ውሃውን በመጠኑ ያፈጥነዋል እንጂ አምፖል አያቃጥልም። መኪናዎ ከሚገባው በላይ እየሞላች ነው። ለማረጋገጥ ሞተሩን ከፍ አድርገው በባትሪው ላይ ይለኩ፦ ከ13.7 እስከ 14.5 ጤና ነው። 15 እና ከዚያ በላይ ካዩ ባትሪው እየፈላ ነው።

አሁን ደግሞ ሬጉሌተሩ ምን እንደሚያይ እንጠይቅ። የ2101 ሬጉሌተር የባትሪውን ቮልት በቀጥታ አይለካም። 15 የሚል ቁጥር ያለበት ተርሚናሉ ቮልቱን የሚያገኘው በቁልፍ ቤቱና በፊውዝ ሳጥኑ በኩል ዞሮ ነው። በመንገድ ላይ 1 ቮልት ከጠፋ ሬጉሌተሩ «13 ብቻ ነው» ብሎ አልተርኔተሩን ይገፋዋል፤ እሱ ጋ 14 ሲደርስ ባትሪው ላይ 15 ሆኗል። ሬጉሌተሩ አልዋሸም፣ የተዋሸው እሱ ነው። አዲስ ቢገዙም ያንኑ ውሸት ነው የሚሰማው።

ቁልፍ ከፍተው፣ ሞተር ሳያስነሱ፣ በባትሪው ፖዘቲቭና በሬጉሌተሩ 15 መካከል ይለኩ። ከ0.3 ቮልት ካለፈ መጀመሪያ ፊውዞቹን ይጠርጥሩ። የላዳ ፊውዝ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ላዩ ላይ ስስ የብረት ቅጠል ያለው ነው፤ ሳይበጠስ ጫፎቹና የሚይዙት ቅጠሎች አረንጓዴ ይለብሳሉ፣ ቅጠሎቹም ይላላሉ። በዓይን ሲያዩት ደህና ነው፣ ሲለኩት ግን ግማሽ ቮልት ይበላል። ፊውዙን አውጥተው ጫፎቹንና መያዣዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ያብሱ፣ መያዣዎቹን በፒንሳ ጠበብ ያድርጉ፣ 8 አምፔሩን በ8 ይተኩ። በመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ የተመለሰ ፊውዝ ካገኙ አውጥተው ይጣሉት። ሳጥኑ ከጸዳ በኋላም ልዩነቱ ካልወረደ ቁልፍ ቤቱ ነው።

የቀለሙ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ትኩረታችንን ስቦታል። የሬጉሌተሩ ቆርቆሮ ራሱ ኔጋቲቩ ነው፤ በሁለቱ ብሎኖች ከቦዲው ጋር ካልተነካካ ያው ስህተት ይፈጠራል። ቀለም ቀቢው ሬጉሌተሩን አውርዶ ሥሩን ቀብቶት መልሶት ከሆነ ብረት ከብረት አይገናኝም። የሁለቱንም ብሎን ሥር እስከ ብረቱ ይፋቁ። ከዚህ በተጨማሪ ከአንዱ ብሎን እስከ አልተርኔተሩ አካል 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢዘረጉ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ከአንድ አምፖል አይበልጥም። በሬጉሌተሩ ቆርቆሮና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ሞተሩ እየሠራ ከ0.1 ቮልት በላይ መኖር የለበትም።

ሁለቱ ተስተካክለው ቮልቱ አሁንም ከፍ ካለ ሬጉሌተሩ ራሱ ነው። ኮንታክቱን በፒንሳ አጥፎ «ማስተካከል» የሚወዱ አሉ፤ አይፍቀዱላቸው። በ15 እና 67 ቁጥር የሚታሰር ኤሌክትሮኒክ ሬጉሌተር በዚያው ቦታ ይገባል። ለላዳ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

ውሃውን በተመለከተ፦ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ፣ ሰሌዳዎቹን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር እስኪሸፍን። የጎደለው ውሃ እንጂ አሲድ ስላልሆነ አሲድ አይጨምሩ። የክረምት ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃም ንጹሕ ቢመስልም ዝገትና ዚንክ ይዞ ነው የሚመጣው። በባትሪው ዙሪያ የፈሰሰውን አሲድ በውሃ በተበጠበጠ ሶዳ አጥበው ያለቅልቁት፤ ወደ ሴሎቹ ግን አንድ ጠብታ አይግባ።

በነገራችን ላይ የእርስዎ መኪና ቀይ መብራት የምትታዘዘው በተለየ ትንሽ ሬሌ ነው። አምፖሏ ብትቃጠልም አልተርኔተሩ ይሞላል፤ ሬሌው ከተበላሸ ደግሞ ሳይሞላም ልትጠፋ፣ እየሞላም ልትበራ ትችላለች። ላዳ ላይ ቴስተሩን እንጂ መብራቷን አይመኑ።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ቮልስ ባትሪው ሙሉ ለሙሉ ሞቶም ቁልቁለት ላይ ተገፍታ ትነሳለች። የእኔ ኮሮላ ግን ተገፍታም አልተነሳች። ለምን?
(አንባቢት፣ ከቀበሌ 18)

መልስ፦ የጎረቤትሽ ዲናሞ በብረቱ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ተርፎለት ስለሚቆይ ሲዞር ከምንም ተነስቶ ራሱን ያነሳል። የአንቺ አልተርኔተር ግን ማግኔቱን የሚፈጥርለት የባትሪው ከረንት ነው። ባትሪው ደካማ ቢሆንና ቢያንስ 8 ወይም 9 ቮልት ቢኖረው ትነሳ ነበር፤ ጭራሽ ሲሞት ቦቢናውም አልተርኔተሩም የሚበሉት ያጣሉ። ከሌላ መኪና ከረንት ተበደሪ። ሁለቱንም ኔጋቲቭ ስታገናኚ የሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከሱ ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ እሰሪው፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ በፈረንጆች 1964 የተሠራች ላንድሮቨር ሻንሲና ሞተር ይዤ ቦዲዋን በራሴ እየሠራሁ ነው። ዲናሞዋ ሉካስ ነው፣ ቦዲው የታሰረው በፖዘቲቭ ነው። የኮሮላ አልተርኔተር ልገጥምላት አስቤያለሁ። የደባርቅ ብርድና የሊማሊሞ መንገድ ታውቃላችሁና ጥሩ መብራት እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?
(አንባቢ፣ ከደባርቅ)

መልስ፦ ጉዳዩን ራስዎ ነግረውናል፦ ፖዘቲቭ ቦዲ። በዚያ ዘመን ላንድሮቨሮች እንዲህ ነበሩ፤ ወደ ኔጋቲቭ የዞሩት በፈረንጆች 1960ዎቹ መገባደጃ አካባቢ ነው። አልተርኔተሩን በፖዘቲቭ ቦዲ ላይ ካሰሩት ገና ባትሪው ሲነካ ዳዮዶቹ ይቃጠላሉ፤ ሞተር ማስነሳት እንኳ አይደርሱም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይገልብጡት። ባትሪውን አዙረው ኔጋቲቩን ከቦዲ ጋር ይሰሩ። የቦቢናውን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ያቀያይሩ፤ ካልተቀያየሩም ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ብልጭታው ይደክማል፣ በብርድ ጠዋት ያስቸግራል። አምፔር ሜትሩን ደግሞ እናስወጣዋለን። ለ22 አምፔር ዲናሞ የተሠራ ስለሆነ የአልተርኔተሩ 55 አምፔር በውስጡ ሲያልፍ ይቃጠላል፤ በቦታው ቮልት ሜትር ይግባ። የድሮ ሬዲዮ ካለ ይንቀሉት። የመብራትና የሞተሪኖ ነገር አያሳስብዎ፣ አቅጣጫ አይመርጡም።

አልተርኔተሩን ሲገዙ ሬጉሌተሩ በውስጡ ያለውን ይምረጡ፤ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ላይ ኤስ፣ አይጂ እና ኤል ያለበትን። ኢ፣ ኤፍ፣ ኤን ከሆነ ሬጉሌተሩ በውጭ የሚቀመጥ ነውና ለብቻው አይግዙት። አሠራሩ ቀላል ነው። ወፍራሙ ቢ በቀጥታ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ወይም ወደ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በ80 አምፔር ፊውዝ በኩል ይሂድ። ኤስ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ። አይጂ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከረንት ከሚያገኝ ቦታ። ኤል በቀይዋ መብራት በኩል ወደዚያው። የሉካሱን የድሮ ሬጉሌተር ሳጥን በሙሉ ከመንገዱ ያውጡት፤ እሱ ውስጥ የሚያልፍ አንድም ሽቦ አይቅር።

አይጂ የሌለው፣ ዲ+ ብቻ ያለው የቦሽ ዓይነት ካገኙ ግን አምፖሏ ጌጥ አይደለችም። አልተርኔተሩን የሚቀሰቅሰው በእሷ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ከረንት ነው። ከ2 እስከ 3 ዋት ያላት የክር አምፖል ትሁን። ኤልኢዲ ካደረጉ ከረንቱ ስለማይበቃ ሞተሩ ጮኾ ካልተነሳ አይሞላም፤ የግድ ኤልኢዲ ከሆነ 68 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ጎን ለጎን ይሰሩ።

ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈው ይዩ፤ ትንሽ እንኳ ከተጣመመ ቺንጋው በወር ውስጥ ጎኑን ይበላል። የቺንጋው ስፋት ከፑሌጃው ጋር ይስማማ፤ ታችኛው ፊቱ የፑሌጃውን ወለል ከነካ ስፋቱ አልመጠነም፣ ቢወጥሩትም ይንሸራተታል። ሲጨርሱ ሞተሩን ከፍ አድርገው፣ መብራት አብርተው ባትሪው ላይ 13.8 እና 14.4 መካከል ማግኘት አለብዎ። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት (ኤሲ) አዙረው እዚያው ይለኩ፤ ከ0.5 ከበለጠ ያገለገለው አልተርኔተር የተበላሸ ዳዮድ ይዞ ነው የመጣው፣ ይመልሱት። ቦዲው ላይ ብየዳ ባለ ቁጥር ደግሞ የባትሪውን ሁለቱንም ጫፍና የአልተርኔተሩን ሽቦዎች ንቀሉ፤ በቤት በሚሠራ መኪና አልተርኔተር የሚገድለው ብዙውን ጊዜ በያጁ ነው።

እውነቱን እንናገር፦ ተጨማሪ ስፖት ላይት ካልጫኑባት 22 አምፔሩ ዲናሞ ለፊት መብራትና ለዋይፐር ይበቃል፤ ጤነኛ ከሆነ እኛ አንነካውም ነበር። ለማየት ያህል፣ የሉካስ ዲናሞ አፈታተሽ ከቮልሱ ይለያል። ቮልስ ላይ ዲኤፍ ከቦዲ ጋር ነው የሚገናኘው፤ ሉካስ ላይ ግን ሁለቱን ሽቦ ነቅለው ዲ እና ኤፍን እርስ በርስ ያገናኙና ከዚያ ወደ ቦዲ ይለኩ። ቦዲውን ወደ ኔጋቲቭ ገልብጠው ዲናሞውን ካስቀሩት፣ ሽቦው የተነቀለውን ኤፍ ለሁለት ሦስት ሰከንድ በባትሪው ፖዘቲቭ ይንኩት፤ ማግኔቱ በአዲሱ አቅጣጫ ይያዛል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ዓርብ ማታ ቆማ ሰኞ ጠዋት አትነሳም። በየቀኑ ስነዳት ደህና ናት። ቻርጅ 14.2 ነው። ባትሪው አዲስ 45 አምፔር ሰዓት ነው።
(አንባቢ፣ ከአራዳ)

መልስ፦ የቻርጅ ሥርዓቱ ጤነኛ ነው፤ አንድ ነገር ቆማ እያለች ይጠጣል። ግማሽ አምፔር ብቻ ቢጠጣ በ60 ሰዓት 30 አምፔር ሰዓት ይሄዳል፣ የቀረው ሞተሪኖ አያዞርም።

ጠዋት፣ ከማስነሳትዎ በፊት፣ እጅዎን አልተርኔተሩ ላይ ያሳርፉ። ሌሊቱን የቆመ ብረት መቀዝቀዝ አለበት፤ ለብ ካለ ዳዮዱ እያሾለከ ነው፣ ነገሩ አለቀ። ካልሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅለው ቴስተሩን በ10 አምፔር ቀዳዳ በኩል በእርሳሱና በሽቦው መካከል ያስገቡ፤ በሮች ይዘጉ፣ ቁልፍ ይውጣ። በዚህ ጊዜ ሞተሪኖ እንዳይመቱ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል። በአሮጌ መኪና ከ0.03 አምፔር በላይ መታየት የለበትም። ከበለጠ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወድቅበትን ይያዙ። በየትኛውም ካልወደቀ የአልተርኔተሩን ወፍራም ሽቦ ይንቀሉ። የሻንጣ መብራትና በኋላ የተጨመረ ሬዲዮ ወይም አላርም ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ «ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ጫፍ ንቀል፣ ካልጠፋ ደህና ነው» ይሉኛል። ልሞክር?
(አንባቢ፣ ከወለቃ)

መልስ፦ አይሞክሩ። ባትሪው ቮልቱን የሚያረጋጋው ነው፤ ሲነቀል ቮልቱ በቅጽበት ዘሎ ዳዮድ፣ ሬጉሌተር፣ ሬዲዮና በርተው ያሉ አምፖሎችን ሊያቃጥል ይችላል። ደህና የነበረው በፈተናው ይበላሻል። ሁለት ንባብ ይበቃዎታል፦ ሌሊቱን ባደረ ባትሪ ላይ 12.6 አካባቢ፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ 14 አካባቢ። ያደረው 12.2 ከሆነ ባትሪው በግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ በቻርጀር ይሞላ። ሞተሪኖ ሲመታ ከ9.6 በታች የሚወርድ ሙሉ ባትሪ ደግሞ አርጅቷል።

ጥያቄ፦ በፈረንጆች 1963 የተሠራችው ቮልሴ 6 ቮልት ናት። ሞተሪኖው እየተንፏቀቀ ነው። 12 ቮልት ባትሪ ብቻ ባስገባላትስ?
(አንባቢ፣ ከቆላ ድባ)

መልስ፦ ባትሪውን ብቻ መቀየር አይሆንም፤ የ6 ቮልቱ ሬጉሌተር 7 አካባቢ ላይ ስለሚያቆም 12 ቮልት ባትሪ አይሞላም፣ አምፖሎችም ቦቢናውም ይቃጠላሉ። ከመቀየርዎ በፊት ኬብሉን ይዩ። 6 ቮልት ለአንድ ዓይነት ሥራ 12 ቮልት ከሚፈልገው ሁለት እጥፍ አምፔር ስለሚያስፈልገው የላላ መገናኛ እጅግ ይጎዳዋል። ከባትሪው እርሳስ እስከ ሞተሪኖው ብሎን፣ ሞተሪኖው እየተመታ፣ ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበቡ ኬብሉን በ35 ካሬ ሚሊ ሜትር ይተኩ፤ የካምቢዮውንም ሽቦ እንደዚሁ። ያደረ ሙሉ ባትሪ 6.3፣ ሲሞላ ከ6.9 እስከ 7.3 ማሳየት አለበት።

የግድ ወደ 12 ከሆነ ዲናሞ፣ ሬጉሌተር፣ ቦቢና፣ አምፖሎች በሙሉ፣ የፍሬቻ ፍላሸር፣ ጡሩንባና የዋይፐር ሞተር አብረው ይቀየራሉ። የዲናሞውን ውፍረት ከማቆሚያው ጋር ለክተው ይግዙ፤ የ12 ቮልቶቹ አብዛኞቹ ስለሚወፍሩ በቀድሞው መቀመጫ አይገቡም። ሞተሪኖው ግን የድሮው ሊቀር ይችላል፤ በ12 ቮልት በፍጥነት ይዞራል፣ ከአምስት ሰከንድ በላይ ግን አይያዙት፤ ካልተነሳች ቀዝቀዝ እንዲል አንድ ደቂቃ ይስጡት።